ከማዶ ያለ ልጅ

ከፍላቂት ተነስቶ የቻይና መንገድ በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ ደብረ ዘቢጥን፣ ነፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ሲገባ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዷል። ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል፣ የገብሱ ማሳ ቀርቶ የፎገራ ሩዝ ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጣና ይታያል።

የመቄት ሰው ከሐይቅ ጋር ብዙ ትውውቅ የለውም። ስለዚህ በደሴት ላይ ስለሚኖሩ የዓሣ አጥማጅ ልጆች ትምህርትና ደህንነት ሲወራ የሌላ አገር ጉዳይ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የመቄትና የላስታ ደጋ ራሱ በገደል የተቆራረጠ ነው፤ በሰሜን ውሃው ወደ ተከዜ፣ በደቡብ ወደ በሽሎ ይወርዳል። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ማዶ እያየ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት መውጣት ያለበት ልጅ እዚህ ብርቅ አይደለም። የጣናው ልጅ በውሃ፣ የደጋው ልጅ በገደል ተለየ እንጂ ሁለቱም ከማዶ ናቸው።

ስለ እንዲህ ያለ ልጅ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ደብተር፣ እስክሪብቶና ቦርሳ ማደል ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። አልጠላውም፤ ደብተር የሌለው ልጅ ደብተር ያስፈልገዋል። ዳሩ ግን ከማዶ ያለ ልጅ ከትምህርት የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። መሻገሪያው ያስፈራል። ከተሻገረ በኋላ የሚያድርበት የለውም። መሻገር ባለበት ሰዓት ደግሞ ቤት ውስጥ ለሥራ ይፈለጋል። ትምህርት ቢሮው ትምህርቱን፣ ሌላው መሥሪያ ቤት ደህንነቱን ለየብቻ ይዘውት ስለሚሄዱ ሦስቱም ጉዳዮች መሐል ላይ ወድቀው ይቀራሉ። መንገዱን ያላስተካከለ ሰው ስለ ትምህርቱ ገና ምንም አላደረገም ብዬ ነው የማምነው።

ከጣና እንጀምር። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን፣ 37 ያህል ደሴቶች ያሉት ነው። ብዙዎቻችን ደሴቶቹን የምናውቃቸው በገዳማቱ ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ። ጎብኚው በሞተር ጀልባ ሄዶ፣ ሥዕሉን አይቶ፣ ፀሐይ ሳትከር ይመለሳል። ትልቁ ደሴት ደቅ ግን ከገዳማቱ ሌላ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚያርስበት፣ የሚያጠምድበት፣ ልጅ ወልዶ የሚያሳድግበት አገር ነው።

ይህን አገር ከየብስ ጋር ሲያገናኝ የኖረው ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል ይታሰራል፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በዚህ ሙያ የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ሲቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። ከእሱ ሌላ ሞተር ጀልባ አለ። በሳምንት አንዴ ከባሕር ዳር ተነስቶ በደቅና በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ የሚደርስ ትልቅ ጀልባም ለረጅም ዓመታት ሠርቷል። በቅርቡ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ በተጎታች ከባድ መኪና ላይ ተጭና፣ ወራት ፈጅቶባት ባሕር ዳር የገባችውን ጣናነሽ ሁለትን አገሩ ሁሉ በስልኩ ሲከታተላት ነበር። ከ180 ሰው በላይ የምትጭን መርከብ ናት፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ቀን ጠብቆ የሚመጣ መርከብ ለነጋዴና ለመንገደኛ እንጂ በየቀኑ ለሚማር ልጅ አይሆንም። ልጁን የምታሻግረው ትንሿ ጀልባ ናት። ስንት ሰው ተጭኖባታል? ሞተሩ መሐል ላይ ቢጠፋ መቅዘፊያ አለ? ላይፍ ጃኬት አለ? ካለስ የልጅ ልክ ነው ወይስ ሕፃን ሲለብሰው በአንገቱ ሾልኮ የሚወጣ? ለደሴት ተማሪ አንድ ነገር ልርዳ የሚል ሰው መጀመሪያ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቅ።

ጣና ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ጠዋት ውሃው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ማዕበል ይመጣል። ጠዋት በሰላም የተሻገረ ተማሪ እንግዲህ የሚመለሰው በክፉው ሰዓት ነው። በሁለት ፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ውስጥ ተማሪ የሚመደበው በፊደል ተራ ወይም በክፍል ቁጥር ነው እንጂ በነፋስ አይደለም። መደልደል ካለበት ግን በነፋስ ነው፦ የሚሻገሩት ሁሉ ጠዋት ይማሩ፣ እኩለ ቀን ሳያልፍ ይመለሱ። ይህ ምንም በጀት አይጠይቅም፤ ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ወደቡ ላይ ቆሞ ማየት ብቻ ይበቃዋል።

እዚያው ደሴቱ ላይ ለሚማረው የአጥማጅ ልጅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መረብ የሚጣለው ማታ፣ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። አባት ይቀዝፋል፣ ልጅ ይስባል። የልጅ ጣት ቀጭን ስለሆነ ቆሮሶውን ከመረቡ ቀዳዳ ለማላቀቅ ይመቻል፤ አምባዛው ግን ያዳልጣል፣ ጡንቻ ይፈልጋል፣ የአባት ድርሻ ነው። ከዚያ መረቡ ይታጠባል፣ ይዘረጋል፣ የተቀደደው ይጠገናል። ልጁ ክፍል ሲደርስ ያንቀላፋል። መምህሩም ሰነፍ ይለዋል፤ የሌሊት ሠራተኛ መሆኑን ማን ነገረው? ለዚህ ልጅ የሚሻለው የከሰዓት ፈረቃ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አንዱ ልጅ በጠዋት ካልተማረ፣ ሌላው በከሰዓት ካልተማረ አይሆንለትም ማለት ነው፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ የልጆቹን ቤት የሚያውቅ መምህር እንጂ ከላይ የሚላክ መመሪያ አይደለም።

ሥራው ለምን በልጅ ላይ በረታ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። በ1978 ዓ.ም. በአንድ የሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት ድርጅት እርዳታ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ጣና ገባ። ታንኳ ይዞ ዳር ዳሩን ሲያጠምድ የኖረው ሰው ወደ መሐል ገባ፤ ገቢው አደገ፤ ለብዙ ቤተሰብ እውነተኛ እፎይታ ነበር። ግን ከጣና ዓሣዎች ነጭ ዓሣ የሚባለው ወገን ክረምት ሲመጣ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል፤ መረቡም በወንዞቹ አፍ ላይ ጠበቀው። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተደረገ ጥናት የዚህ ዓሣ ክምችት በ75 በመቶ ያህል መውረዱን አሳይቷል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ ታየ፤ ጀልባና መረብ የሚያንቀሳቅሱበትን ዳርቻ ወረረው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል፤ አዋጁ ግን መረብ አያነሳም። ዓሣ ሲያንስ አጥማጁ ርቆ ይሄዳል፣ ብዙ መረብ ይጥላል፣ ብዙ ሌሊት ያድራል፤ ያን ጊዜ ተጨማሪ እጅ ይፈልጋል። ደመወዝ የማይከፈለው እጅ የልጅ እጅ ነው። ስለ ነጭ ዓሣ መራቢያ የሚሰበሰቡትና ስለ ተማሪ ማቋረጥ የሚሰበሰቡት ባለሙያዎች ሳያውቁት የሚነጋገሩት ስለ አንድ ቤት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ገበያው ግን ፍርዱን ሰጥቷል፦ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋውም ይወጣል። ዐቢይ ጾም የሚውለው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። የዓመቱ ጥሩ ገቢ የሚገኝበትና ልጅ ከክፍል የሚጎድልበት ወቅት አንድ ላይ ሲገጥም ስም ጥሪ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማብዛት ዋጋ የለውም። በነዚያ ሳምንታት የማካካሻ ትምህርት አስቀድሞ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የሚቀሩትን ልጆች ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ያውቃቸዋልና።

ሕጉ ምን ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ሕጉ የሚመለከተው ግን አሠሪና ሠራተኛን ነው፤ አባቱን የሚያግዝ ልጅ ዘንድ አይደርስም። እኔም ቢደርስ ደስ አይለኝም፤ ልጅ ከአባቱ ጋር ሙያ መማሩ ነውር አይደለም፤ የመቄት ልጅ በግ ይጠብቅ የለ? መስመሩ የሚሰመረው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ሌሊት፣ ብቻውን፣ ሞተር አስነስቶ፣ ወይም የተያዘ መረብ ለማላቀቅ ጠልቆ እንዳይሄድ። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። በጋና የአኮሶምቦ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲያልቅ የቮልታ ሐይቅ ደን እንዳለ ዋጠ፤ መረብ በውሃ ውስጥ ባሉት ጉቶዎች ይያዛል፤ እሱን ለማላቀቅ የሚጠልቁት ከሩቅ መንደር ለአጥማጆች የተሰጡ ሕፃናት ናቸው። ስንቶቹ እዚያው ቀርተዋል። ጣና እዚያ አልደረሰም፤ ከወዲሁ መስመሩን ማወቅ ግን አይከፋም።

ወደ ደቡብ ወርደን ዝዋይን ብናይ ሌላው የኢትዮጵያ የደሴት ሕዝብ፣ የዛይ ሕዝብ፣ አለ። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ፣ በሌላ ስሙ ደብረ ጽዮን ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦትና መጻሕፍት የሸሹት ወደዚህ ነው። ዛሬ ከደሴቶቹ ይልቅ በሐይቁ ዳር ያለው የዛይ ሰው ይበዛል። ቱሉ ጉዶ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት አለ፤ ከዚያ በላይ የፈለገ ልጅ ወደ ባቱ ወይም ወደ መቂ ይሻገርና ከዘመድ ተጠግቶ ወይም ቤት ተከራይቶ ይማራል። የደሴት ትምህርት ዋናው ስብራት ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛ ክፍል መክፈት ይቻላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ግን ቤተ ሙከራም፣ የየትምህርቱ መምህርም ይፈልጋል፤ ለጥቂት መቶ ልጆች አይከፈትም።

ትምህርት ቤቱን ወደ ልጁ ማምጣትስ? ባንግላዴሽ ውስጥ መሐመድ ረዝዋን የተባለ አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1998 ሺዱላይ የተባለ ድርጅት መሥርቶ፣ በ2002 ትምህርት ቤት የሆነ ጀልባ ወንዝ ላይ አሰማራ። ጀልባው ልጆቹን ከየዳሩ ይለቅማል፣ ቆሞ ያስተምራል፣ መልሶ ያደርሳቸዋል። ስለዚህ ጀልባ የሰማ ሁሉ ለጣናም ይምጣ ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። እዚያ ጎርፍ መንደሩን ይበትነዋል፤ ትምህርት ቤቱ የግድ መንደሩን መከተል አለበት። ደቅ ግን የትም አይሄድም። የሚሄደው መምህሩ ነው። ዓርብ ከሰዓት ደመወዝ ሊያወጣ ወይም ልብስ ሊያሳጥብ ወደ ከተማ ይሻገራል፤ ሰኞ ነፋስ ወይም ጀልባ ያስቀረዋል፤ ማክሰኞ ክፍሉ ባዶ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ ለደመወዝ ብሎ መሻገሩ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። የቀረው የመምህር ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የፀሐይ መብራት፣ መጸዳጃ። ለተንሳፋፊ ትምህርት ቤት ከሚወጣው ገንዘብ በጥቂቱ መምህሩን ደሴቱ ላይ ማሳደር ይቻላል።

በወሎ ምድር ደሴት ማለት ትምህርት ቤት ማለት የነበረበት ዘመን አለ። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ በውሃ የተከበበ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ቦታው ያስተማረው በደሴትነቱ ሳይሆን ተማሪውን ማሳደርና ማብላት የሚያውቅ ሥርዓት ስለነበረው ነው። ይኸው ሥርዓት በፍላቂት ዙሪያ ገና አልጠፋም። ቅኔ የፈለገ ዋድላ፣ ድጓ የፈለገ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪው ገና በልጅነቱ ከቤቱ ርቆ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ይማራል። ኑሮው የሚያስቀና አይደለም፤ ረሃብም፣ ብርድም፣ እከክም አለበት። ቢሆንም ሕዝቡ ሩቅ መጥቶ የሚማርን ልጅ መመገብ የራሱ ግዴታ እንደሆነ ይቀበላል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን ግዴታ አልወረሰም። ከማዶ የመጣው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ለከተማው ሰው ተከራይ ብቻ ነው።

ወረዳ ከተሞች ውስጥ የተማሪ ቤት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ልንገር። ሦስት አራት ልጆች አንድ የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። መደብ፣ አንድ ሁለት ጀንዲ፣ ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተጻፈ ፎርሙላ። በጥግ በኩል ስንቁ ተሰቅሏል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ሽሮ። ስንቁ የሚመጣው በገበያ ቀን ነው፤ እናት ወይም ታላቅ ወንድም በአህያ ያመጣዋል። ያ ገበያ በዝናብ ወይም በጸጥታ ምክንያት ሲዘለል ሽሮው ይቀጥናል፣ ከዚያ ምሳ ይዘለላል። ደጋ ነውና ማታ ይበርዳል፤ ልጆቹ ከሰል አቀጣጥለው በር ይዘጋሉ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የከሰል መርዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በደንብ ያልነደደ ከሰል ብቻ ነው የሚጎዳው የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ ፍም የሆነውም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ይቀራል። ምድጃው ከመተኛት በፊት ከክፍሉ ይውጣ። ይህን ለማስተማር የአንድ ቀን የሰልፍ ሥነ ሥርዓት ይበቃል።

ለሴት ልጅ ክፍሉ ሌላ ፍርሃት አለው። በሩ የማይቆለፍ፣ ሽንት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ አከራዩ የማይታወቅ ከሆነ አባት ትቅርብኝ ቢል አልፈርድበትም። ስትቀር ግን ባዶ ቤት አትጠብቅም፤ ጋብቻ ይጠብቃታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል፤ የወንጀል ሕጉም ያለዕድሜ ጋብቻን ይቀጣል። ከሕጉ ይልቅ የሠራ አንድ ሙከራ አውቃለሁ። ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. በይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ በተባለ ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም ነበር። ለልጃገረዶቹ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣል፣ በቡድን ያገናኛቸዋል፣ ቤተሰብን ያወያያል፤ ሁለት ዓመት ሳትዳር ከቆየች ለእሷና ለቤተሰቧ አንድ ፍየል ይሰጣል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ትዳሩ በጣም ቀነሰ፣ ትምህርቱ ጨመረ። አንዲት ፍየል የአባትን ሐሳብ የቀየረችው ድህነቱን ስለደገፈች ነው። በዚያው ስሌት የሴቶች ማደሪያ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ መሥራት ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል። የአማራ ልማት ማህበር፣ አልማ፣ በሕዝብ መዋጮ ስንት የመማሪያ ክፍል ሠርቷል፤ ማደሪያም እንዲሁ ይሠራ ብንል የበዛ ጥያቄ አይደለም።

መንግሥት ተማሪን ማጓጓዝና ማሳደር አልችልም እንዳይል የራሱ ታሪክ ይመሰክርበታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈታኞች በአውቶቡስ ተጭነው፣ ዶርም ተሰጥቷቸው፣ ምግብ ቀርቦላቸው ተፈትነዋል። ኩረጃን ለመከላከል ይህ ሁሉ ከተቻለ፣ ለመማርም ትንሽ ይቻላል።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። የላስታ ልጅ ሐይቅ ባይኖረውም የሚሞተው በውሃ ሊሆን ይችላል። ደራሽ የሚባለው እዚህ ሰማዩ ጠራ ብሎ ሳለ ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው፤ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል፣ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ይከተላል። ፈጥኖ የሚወርድ ውሃ ጉልበት ሳይደርስ አዋቂ ሰው ይጥላል። አብዛኛው ደራሽ ግን በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ሕይወት የሚያተርፈው መቀመጥ ነው። ልጅ የማይቀመጠው ዘግይቶ ሲደርስ ስለሚገረፍ ወይም ከብት ስለሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ አንድ ደንብ ያውጣና ለወላጅ ይናገር፦ በውሃ ሙላት የቀረና የዘገየ አይጠየቅም፤ ማዶ የቀረም ልጅ በማን ቤት እንደሚያድር አስቀድሞ ይታወቅ።

ድልድይ ደግሞ አለ። በሞጣ በኩል ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ ተጎትቶ ክፍተቱን ይሻገር ነበር። ያን የሚያሳይ ፎቶ ያየ ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ በ1994 ዓ.ም. መጥቶ ከአካባቢው ሰው ጋር ጠገነው፤ በ1997 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ከፍ ብሎ በሽቦ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ የምወስደው፣ የእግረኛ ድልድይ መኪና ስለማያሻግር በመንገድ ዕቅድ ውስጥ እንደማይቆጠር ነው፤ ለተማሪ ግን ከአስፋልት ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰው በመስጠም እንደሞተ ይገምታል፤ ሩብ የሚጠጉት ከ5 ዓመት በታች ናቸው። የሚሰጥም ልጅ አይጮኽም፤ አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለትንፋሽ ብቻ ነው፣ እጁም ለመጥራት አይነሳም። ስለዚህ ዳር ያለ ሰው ጸጥ ያለውን ልጅ ይይ። ዋና የማይችል ሰው ተከትሎ አይግባ፤ ሁለት ሬሳ ይሆናል። ዱላ፣ ነጠላ ወይም ገመድ ይዘርጋ፤ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ይወርውር፣ ልጁ አቅፎ ይንሳፈፍበታል። ከወጣ በኋላ ዘቅዝቆ መያዝና ሆድ መጫን ጊዜ ማባከን ነው። ካልተነፈሰ አፍንጫውን ይዞ አምስት ጊዜ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ 30 ጊዜ ደረቱን መጫንና 2 ትንፋሽ እያፈራረቁ መቀጠል፣ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። በየጀልባው ላይ አንድ ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ማስቀመጥ ከዛሬ ነገ የማይባል ነገር ነው።

ሕፃናቱን በተመለከተ ባንግላዴሽ ሌላ ትምህርት አላት። እዚያ ትንንሾቹ በብዛት የሚሰጥሙት እናት ሥራ በሚበዛባት የጠዋት ሰዓት መሆኑ ታውቆ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 7 ሰዓት መንደር ውስጥ አንዲት ሴት እንድትጠብቃቸው ተደረገ፤ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። እኛ ኦ ክፍል የምንለው ቅድመ መደበኛ ትምህርት ደሴት ላይ ሲከፈት ፊደል ከማስቆጠሩ በፊት ሕይወት ያተርፋል። ታላቅ እህትንም ከሞግዚትነት ነጻ አውጥቶ ወደ ክፍል ይመልሳታል።

የማይታየው አደጋ ቢልሃርዚያ ነው። በጣናም በዝዋይም ዳርቻ አለ። ከሰው ሰገራና ከቀንድ አውጣ ተነስቶ በቆዳ ይገባል፤ ልጅ ሲዋኝ፣ መረብ ሲያጥብ፣ ውሃ ሲቀዳ። ደም ማነስና ድካም ያመጣል፣ ያም በፈተና ውጤት ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በትምህርት ቤት ይታደላል፤ የቀረ ልጅ ግን ኪኒኑም ይቀርበታል። መጸዳጃ ሳይሠራ ኪኒን ብቻ መስጠት ደግሞ በየዓመቱ እንደ አዲስ መጀመር ነው።

እዚህ አካባቢ ስለ ልጅ ደህንነት ጽፎ ስለ ጦርነት ዝም ማለት አይቻልም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ላስታና መቄት የጦር ሜዳ ነበሩ፤ የጋሸና ከተማ የማን እንደሆነች በየሳምንቱ ይጠየቅ ነበር። ወንበርና መዝገብ የተረፈው ትምህርት ቤት እድለኛ ነው። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። መንገድ ሲዘጋ የከተማ ልጅ ቤቱ ይቀመጣል፤ ተከራይቶ የሚማረው ግን ስንቁ ይቋረጥበታል፣ መመለሻም ያጣል። ስለዚህ የተከራይ ተማሪዎችን ስም፣ ቀበሌና የወላጅ ስልክ የያዘ አንድ ዝርዝር ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይኑር፤ የእነሱ ጉዳይ የአንድ መምህር ኃላፊነት ይሁን።

የቀረኝ ሰኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የለም፤ የሚያሰጋው ክረምቱ ሲገባና ሲወጣ ነው። መስከረም ላይ ወንዙ ገና ሙሉ ነው፤ ግን ምዝገባ ይራዘማል፣ ልጅም ይታገሣል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ግን ቀኑ የተቆረጠ ነው። ሌላ ቀን ውሃ ሞላ ብሎ የሚመለሰው ልጅ ያን ቀን አይመለስም፤ ዓመቱን ሙሉ የለፋበት ነውና ይገባበታል። ስለዚህ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በግንቦት የመሻገሪያዎቹን ስም ይዝገብ፤ ከየመሻገሪያው ማዶ ስንት ተፈታኝ እንዳለ ይቁጠር፤ ጥቂት የማይባሉ ከሆኑ ማዶ ባለው ሳተላይት (ቅርንጫፍ) ትምህርት ቤት የፈተና ጣቢያ ይክፈት። የታሸገ ጥያቄ ወረቀት፣ ሁለት ፈታኝና አንድ የጸጥታ ሰው ከዋዜማው ጠዋት፣ ውሃው ሳይሞላና ነፋሱ ሳይነሳ፣ ተሻግረው እዚያው ይደሩ።